ያበጠ እጅ ቦታ ይፈልጋል

አሜሪካዊው የስፖርት ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወለም ያለው ወይም የተመታ ሰው አራት ነገር እንዲያደርግ መከረ፦ ይረፍ፣ በረዶ ያድርግበት፣ ይሰረው፣ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው። ምክሩ ዓለምን አዳረሰ። ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ያው ሚርኪን በረዶውም ሆነ ሙሉ ዕረፍቱ ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፎ የራሱን ምክር አረመ። በረዶው ግን ዛሬም ከኳስ ሜዳ ዳር አልጠፋም። ሕመም ያደነዝዛላ! ሕመም የሚያስታግስን ነገር ሰው በቀላሉ አይተወውም።

ችግሩ ከበረዶው ይሰፋል። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ያየ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳቡ «እብጠቱን እናጥፋው» የሚል ነው። ፋርማሲ የሚሄደው ዲክሎፌናክ ይገዛል፣ ሌላው ያሽለታል፣ ሌላው ጥፍር አድርጎ ያስራል። ሁሉም እብጠቱን የጉዳቱ ጭማሪ አድርገው ይቆጥሩታል። እብጠት ግን በአብዛኛው የጥገናው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ እሱን ለማፈን የሚደረገው ጥድፊያም አንዳንዴ ከጉዳቱ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል።

ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሰስ ከ2,000 ዓመታት ገደማ በፊት መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ማመም ብሎ የዘረዘራቸው አራት የብግነት (ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ) ምልክቶች ዛሬም የሕክምና ተማሪ የሚያጠናቸው ናቸው። ከቆዳ ሥር የሚሆነው ይህ ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ ውኃና ፕሮቲን ወደ ተጎዳው ሥፍራ ይፈስሳል። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። ቀናት ሲያልፉ ማክሮፌጆች ይተኳቸዋል፤ የሞተውን ሕዋስና ቆሻሻውን እየዋጡ ያጸዳሉ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እነዚሁ ጽዳት ሠራተኞች ጠባያቸውን ለውጠው አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳትም ኮላጅን እንዲያመርቱ ምልክት ይሰጣሉ። ያለ እነሱ ቁስል በወጉ አይጠግም።

ብግነት ጠቃሚ ሥራ መሆኑን በሙከራ ካሳዩት ቀደምቶች አንዱ ሩሲያዊው ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። በ1882 በጣሊያን መሲና ከተማ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውታል። እጩ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች የደም ሥር ብልሽት አድርገው ያዩት የነበረው ነገር ለእሱ የመከላከል ሥራ ሆኖ ታየው። ከ26 ዓመት በኋላ ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

በእኛ ዘመን ደግሞ በቦስተን የሚሠራው ቻርልስ ሰርሃን ሌላ ነገር ጨመረ። ብግነት በራሱ ጊዜ እየደከመ የሚጠፋ ሳይሆን በትእዛዝ የሚቆም ነው። ሰውነት ከስብ አሲዶች «ሪዞልቪን» የመሳሰሉ ውሕዶችን ሠርቶ ሥራው እንዲያበቃ ያዛል። ትእዛዙ እንዲወጣ ከሚያደርጉት ምልክቶች መካከል መጀመሪያ ብግነቱን የቀሰቀሱት ይገኙበታል። ይህ ማለት ሕመም የሚሠቃይ ሰው ኪኒን አይዋጥ ማለት አይደለም። ሐኪም ለጥቂት ቀን ያዘዘው መድኃኒት ቦታ አለው። ከጨጓራና ከኩላሊት ጉዳቱ ጋር ለሳምንታት ያለ ሐኪም መዋጡ ግን ልማድ ሊሆን አይገባም። ወራት የሚቆይ፣ አልድን ያለ ቁስልና እብጠት፣ በተለይ በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

እብጠቱ ሲጎድል ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ከ3 ሳምንት በኋላ የቆዳ ጠባሳ የጤናማውን ቆዳ ጥንካሬ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይይዛል፤ ከወራት በኋላም ከ80 በመቶ አያልፍም። አጥንት ዕድለኛ ነው፤ ያለ ጠባሳ ራሱን መልሶ ይሠራል። ጅማት ግን ከሦስቱ ዘገምተኛው ነው። በ2013 የታተመ የዴንማርክ ጥናት፣ ከኑክሌር ሙከራዎች በአየር ውስጥ የቀረውን ካርበን በመለካት፣ የተረከዝ ጅማት እምብርት ከልጅነትና ከጉርምስና በኋላ እምብዛም እንደማይታደስ አሳይቷል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ በታመመ ተረከዝ ሮጦ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በቀጣዩ ነሐሴ በኤድመንተን፣ አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት 10,000 ሜትር፣ ሦስተኛ ወጣ። በዓለም ላይ ያለው ምርጥ እግር እንኳ ለጅማት ቀጠሮ መገዛት ነበረበት። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በ1998 እንዳሳየው ለዚህ ጅማት የሚበጀው መጋደም ሳይሆን የተመጠነ ጭነት ነው፦ ተረከዝን ከደረጃ ጫፍ ቀስ እያደረጉ ዝቅ ማድረግ፣ ለ12 ሳምንት።

እነዚህ ሁሉ ግን የቅንጦት ክርክር ይመስላሉ፣ እብጠትን ማፈን በአገራችን እጅ የሚያስቆርጥ መሆኑ ሲታሰብ። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር በብዙ ሥፍራ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ዳብሶ ያስተካክላል፣ በቀርከሃ ስንጥር ይደግፋል፣ በጨርቅ ያስራል። ቤተሰቡም «ጠበቅ ይበል» ይላል። ገና የሚያብጥ ክንድ መስፊያ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ያለ ደም ለ6 ሰዓት ገደማ የቆየ ጡንቻ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ይደርስበታል። ከዚያ ጋንግሪን፣ ከዚያ መጋዝ። ስብራቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ በጄሶ ብቻ የሚድን ዓይነት ነበር።

ወጌሻን ማሳደድ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። አይሆንም። ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ዋጋውም አቅምን አይፈትንም፤ የአጥንት ሐኪም ደግሞ ከብዙ ወረዳዎች ሩቅ ነው። በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ የኢትዮጵያ ዘገባ እንዳሳየው፣ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻውን በጋንግሪን የሚቆረጡትን ሰዎች ቁጥር ቀንሷል። አንድ ቀን! እንዲህ ርካሽ የሆነ ትምህርት እስካሁን በየወረዳው መደበኛ ሥራ አለመሆኑ ለጤና ሚኒስቴር ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ ወጌሾቹንም በስም ያውቋቸዋል።

የሚሰጠው ትምህርትም ብዙ አይደለም። ማሰሪያው ዙሪያውን ከቦ አይጥበቅ፤ ጣቶቹ ከውጭ ይታዩ። ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም አልታዘዝ ካሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ማሰሪያው ይፈታና ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።