ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጥ ፈሳሽ፦ ከምሥራቅ አፍሪካ የተገኘው ያልተጠበቀ ትምህርት

በጠና የታመመ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ አስታማሚዎቹ አስቀድመው የሚጠብቁት “ጉሉኮስ” እንዲሰቀልለት ነው። በኢትዮጵያ ብዙዎች በዚህ አንድ ስም የሚጠሯቸው ከረጢቶች ይዘታቸው ግን ይለያያል። የስኳር ውህድ፣ ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውህድ ወይም ይዘቱ ለደም ፈሳሽ የቀረበው ሪንገር ላክቴት ሊሆን ይችላል። የትኛው፣ ለማን፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት ይሰጥ የሚለው ውሳኔ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ካሳዩት ጥናቶች መካከል እጅግ አነጋጋሪው የተካሄደው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው።

በአውሮፓውያኑ 2009 “ፊስት” የተሰኘው ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በሚገኙ ስድስት ሆስፒታሎች ተጀመረ። ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሕጻናት በርከት ያለ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት በበለጸጉ አገራት የተለመደ ሕክምና ነበር። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ይኸው አሠራር ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌላቸው ሆስፒታሎችም ሕይወት ይታደግ እንደሆነ ነው።

ከ3 ሺህ 100 በላይ ሕጻናት በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ሳላይን፣ ለሁለተኛው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ። ሦስተኛው ቡድን በዝግታ ከሚንጠባጠበው መደበኛ ፈሳሽ በቀር ተጨማሪ አልተሰጠውም። በ48 ሰዓታት ውስጥ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ10 በመቶ የሚበልጡት ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7 ነጥብ 3 በመቶ ነበሩ። በሳላይንና በአልቡሚን መካከል ልዩነት አልታየም። ጥናቱም በጥር 2011 ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ አዲስ ታካሚ መቀበል አቆመ።

ውጤቱን ለመቀበል ከባድ ያደረገው ፈሳሹ መጀመሪያ ላይ የሚያሽል መምሰሉ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የደም ዝውውራቸው የተስተካከለው ሕጻናት በብዛት የተገኙት ፈሳሽ በፍጥነት በተሰጣቸው ቡድኖች ውስጥ ነበር። ጉዳቱ የታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ተቺዎች በበኩላቸው ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ወባ ወይም ከባድ የደም ማነስ እንደነበረባቸው በመጥቀስ፣ ውጤቱ ለሁሉም ሕጻናት ይሠራል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

ጉዳዩ ግን በሕጻናት ብቻ አልተወሰነም። በ2017 ከዛምቢያ ይፋ የሆነ ጥናት ሴፕሲስ ይዟቸው የደም ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎችን ተመልክቷል። አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ነበሩ። ብዙ ፈሳሽ መስጠትን ባካተተ የተጠናከረ መመሪያ ከታከሙት 48 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 33 በመቶ ናቸው።

የፈሳሹ ዓይነትም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም። ሳላይን የያዘው ክሎራይድ በሰው ደም ውስጥ ካለው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይበልጣል፤ በብዛት ሲሰጥ የደምን አሲድነት ከፍ ያደርጋል። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንደ ሪንገር ላክቴት ያሉ ፈሳሾች በኩላሊት ረገድ መጠነኛ ብልጫ እንዳላቸው አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በብራዚል፣ እንዲሁም በአውስትራሊያና ኒው ዚላንድ የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች ግን በሞት መጠን ግልጽ ልዩነት አላገኙም። ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ሕሙማን ደግሞ ሳላይን ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ሁሉ “ፈሳሽ ይጎዳል” ወደሚል ድምዳሜ ከወሰደ ሌላ አደጋ ያስከትላል። ኢትዮጵያንና ሱዳንን በተደጋጋሚ የሚያጠቃው ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃ አሟጥጦ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በከፍተኛ ደረጃ ፈሳሽ ላጣ የኮሌራ ታማሚ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 100 ሚሊ ሊትር በሦስት ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። ቀዳሚው ምርጫ ሪንገር ላክቴት ነው፤ ከሌለ ሳላይን ይተካዋል። “ፊስት” በተቅማጥ ውሃ ያጡ ሕጻናትን ከመጀመሪያውም አላካተተም።

ስለዚህ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሕጻናት አንዱን የሚያድነው ከረጢት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕጻናት ሴፕሲስ መመሪያም ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት፣ የደም ግፊቱ ላልወረደ ሕጻን ፈሳሽ በፍጥነት እንዳይሰጥ መክሯል። ለአካባቢው የጤና ሚኒስቴሮች ይህ ሪንገር ላክቴትን ከመግዛት ያለፈ ሥራ ነው። በከባድ የደም ማነስ ለተያዘው ሕጻን የሚያስፈልገው ደም ነው። ፈሳሽ የተሰቀለለት ሁሉ ደግሞ አተነፋፈሱንና የልብ ምቱን በየጊዜው ተመልሶ የሚያይለት ነርስ ያስፈልገዋል።