የቤተሰብ ሽርሽርና የምግብ ቤት ሒሳብ

የንግድ ሰው በመደብሩ ውስጥ ሳለ የአንድ ኩንታል ስኳር ማውረጃ ዋጋ ሳይቀር ጠይቆና ተከራክሮ ይከፍላል። ይኸው ሰው ባለቤቱንና ልጆቹን አስከትሎ ለዕረፍት የወጣ ዕለት ግን መዝገቡን ከመደብሩ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ስለሚሄድ፣ ከምግብ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ የዋጋውን ዝርዝር አንብቦ መምረጥን እንደ ንፉግነት ይቈጥረዋል። ልጆቹ እያዩት፣ አስተናጋጁም ቆሞ እየጠበቀው ዋጋ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ከዚህም የተነሣ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ሆጤ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ ገንዘቡ በምን እንዳለቀ ለራሱም ሊያስረዳ አይችልም። ለመኪና የከፈለውን ያውቃል፤ ለአልጋ የከፈለውን ያውቃል፤ የመግቢያው ቲኬትም ከኪሱ ይገኛል። የቀረው ሁሉ በጉሮሮ የወረደ ነው።

በቀድሞው ጊዜ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወሰድ ልጅ በስድስት ኪሎ ያለውን የአንበሳ ግቢ አይቶ፣ መርካቶን ዞሮ፣ ከዘመድ ቤት በልቶ ይመለስ ነበር። ዛሬ የሚታየው በዝቷል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የአንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ በዓመቱም በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ወደ ቢሾፍቱ ለሚወርድ ደግሞ የኩሪፍቱ የውሃ መጫወቻ አለ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጅ ታሪክን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ቢያድግ ለአገር ይበጃል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ስፍራ በአንድ ሰዓት ተጐብኝቶ የሚያልቅ አይደለምና ቤተሰቡ ውሎው እዚያው ይሆናል፤ የዋለም ሰው ይርበዋል። አጼ ምኒልክ ለብዙ ሺህ ሰው ግብር ያበሉበትን አዳራሽ በእግሩ ዞሮ የወጣ ልጅ ወዲያውኑ ምሳ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? የእንጦጦውም ደጋ ነፋሱና ዳገቱ ከቁርስ የተረፈውን ሁሉ ከሆድ ያራግፋል።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በአንድ ምሳ ለእያንዳንዱ ሰው የ400 ብር ምግብ ቢያዝዝ፣ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ 2,400 ብር ይሆናል። አባት በልቡ የሚይዘው ይህን ቍጥር ነው። ምግብ ቤቱ የአገልግሎት 10 በመቶ የሚያስከፍል ከሆነ 240 ብር ይጨመርና 2,640 ይደርሳል። በዚህም ድምር ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ ማለት 396 ብር ሲታከልበት የሚከፈለው 3,036 ብር ነው። እንግዲህ በየመቶው ብር 26 ብር ከ50 ሳንቲም ተጨመረ ማለት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን በዚህ አኳኋን ቢበላ 30,360 ብር ይወጣል፤ ከዚህም ውስጥ 6,360 ብሩ አባት በልቡ ያልያዘው ነው። ለስላሳው፣ የታሸገው ውሃ፣ ቡናውና ለአስተናጋጁ የሚተወው ጉርሻ ገና አልተቈጠረም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ከተደነገገ ወዲህ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ራሱ ከደንበኛው እየሰበሰበ ለመንግሥት የሚያስገባው ታክስ ነው። የሚያስገርመውም ይኸው ነው፤ በመደብሩ «ዋጋው ከታክስ ጋር ነው ወይስ ያለ ታክስ?» ተብሎ በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው፣ በምግብ ቤት ተቀምጦ ይህችኑ ጥያቄ መጠየቅ ይረሳል። አንዳንዱ ቤት ዋጋውን አጠቃልሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ነጥሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱም የአገልግሎት ክፍያ የሚባል ከነጭራሹ የለበትም። ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ነውር የለበትም። አንዳንድ ነጋዴ ደግሞ ደረሰኙን አጥፎ ወደ ሱቁ ሒሳብ ሊያገባው ያስባል፤ የቤተሰብ ምሳ ግን የግል ፍጆታ ስለሆነ ከግብር ላይ ተቀናሽ የማይሆን መሆኑን የሒሳብ ሠራተኛው ሊነግረው ይገባል።

ነገሩ የጥቂት ብር ጉዳይ መስሎ የሚታየው ጊዜውን ላላስተዋለ ሰው ነው። የተማሪዎች ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል። በእነዚሁ ወራት የወሎ ገበሬ በእርሻው ላይ ነው፤ እህሉ ተወቅቶ ወደ ገበያ እስኪወጣ ድረስ በእጁ ብር የለም፤ ስለዚህ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ባለሱቅ ሽያጩ ቀዝቅዞ የሚቀመጥበት ወቅት ነው። ወዲያውም መስከረም ይጠባል። ደብተርና እስክርቢቶ፣ የደንብ ልብስና ጫማ የሚሸጡበት ሰሞን ይመጣል፤ ለዓመት በዓሉም ዘይትና ዱቄት ይፈለጋል። በዚያች ሰሞን እቃ ያልያዘ ነጋዴ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ያስረክባል። እንግዲህ በነሐሴ በምግብ ቤት የቀረው 30,000 ብር የዕረፍት ገንዘብ አልነበረም፤ የመስከረም ደብተር መግዣ ነበር። ነጋዴው ያንጊዜ ወይ በዱቤ ይወስዳል፣ ወይ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ይቀመጣል። የዱቤው ዋጋ ከጥሬው ዋጋ ምን ያህል እንደሚበልጥ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ልጆቹን ከቤት ያስቀምጣቸው ማለት አይደለም። አባቶችና እናቶች ይህን ችግር በአገልግልና በስንቅ ፈትተውት ነበር። ቀድሞ መንገደኛ ሲነሣ ዘመድ አዝማዱ ዳቦ ቆሎውን፣ ጭኮውን፣ በሶውን፣ ቋንጣውንና ድርቆሹን ያቀርብለት ነበር። ዛሬ አገልግል ተሸክሞ በመናፈሻ መታየት የባላገርነት ምልክት ሆኖ የሚያሳፍራቸው አሉ። እነዚሁ ሰዎች በላስቲክ የታሸገ ደረቅ ብስኩት ከበሩ ላይ በእጥፍ ዋጋ ገዝተው ሲበሉ አያፍሩም።

ስንቅ ግን ዕውቀት ይፈልጋል። የደሴ ብርድ ያታልላል። ሌሊት ተሠርቶ በአገልግል የገባ ወጥ ሆጤ ላይ ደህና ይመስላል፤ መኪናው ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴና ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ ሲወርድ ግን ይሞቃል፤ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ዳግመኛ ብርድ ነው፤ ወጡ ግን በመካከሉ መኮምጠጥ ጀምሯል። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆነው መንገድ የሚመረጠው ደረቁ ነው። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቍላል፣ ቆሎ፣ ብርቱካንና ሙዝ፣ በፔርሙስ ደግሞ ሻይ ከተያዘ የቁርስና የመንገድ ምሳ ሒሳብ ከነአካቴው ይወድቃል። ድርቆሽ የያዘች እናት ደግሞ ካደረችበት ቤት ጥቂት በርበሬና ዘይት ብታገኝ የስድስት ሰው ቁርስ በሩብ ሰዓት ታደርሳለች። የክረምቱ ዝናብም ሊታሰብ ይገባል። ሜዳ ላይ ዘርግቶ ለመብላት ያሰበ ቤተሰብ በሰባት ሰዓት ዝናብ ሲያባርረው የሚጠለለው ከካፌ በረንዳ ነውና፣ በክረምት ስንቅን ከረፋዱ በፊት መብላት ያተርፋል።

ከከተማው ከተደረሰ በኋላ ዘመድ ቤት ማረፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ግን ነጻ ነው ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። የኑሮ ውድነት በአዲስ አበባም አለ። ባዶ እጅን ተወዝውዞ ከእኅት ወይም ከአጎት ቤት ስድስት ሆኖ መግባት ያስቀይማል። ከወሎ ማርና ቅቤ ወይም ጥሩ የጤፍ ዱቄት ይዞ የገባ እንግዳ ግን የባለቤቷን ጓዳ ሳይጐዳ ቁርሱንና ራቱን ይበላል፤ ምግብ ቤት የሚገባው ለምሳ ብቻ ይሆናል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ከላይ የተጻፈው ሒሳብ በግማሽ ይቀንሳል።

በምሳውም ቢሆን ለስድስት ሰው ስድስት ሳህን ማዘዝ ግዴታ አይደለም። የአገራችን ገበታ የጋራ ነው። ሦስት በየዓይነቱ በሁለት ትሪ ተዘርግቶ አራት ልጆችን ከነወላጆቻቸው ሊያጠግብ ይችላል፤ ያነሰ እንጀራ ይጨመራል። በተለይ ለወሎ ሰው ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ከደሴ በጋራ መኪና ተከራይተው ለሽርሽር የሚወጡ ጎረቤቶች ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅለው ነውና፣ ሥጋ የታዘዘ እንደ ሆነ ሁለት ምግብ ቤት መፈለግና ለሁለት መከፈል ይመጣል፤ በየዓይነቱ የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ከአንድ ትሪ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛውም ያው ነው።

እዚህ ላይ የምግብ ቤት ባለቤቶች ሊቈጡ ይችላሉ፤ ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አይሆንም። እነርሱም ነጋዴዎች ናቸው፤ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ዘይትና ሽንኵርት በየሳምንቱ በሚለዋወጥ ዋጋ ይገዛሉ። ሁሉ ሰው አገልግሉን ተሸክሞ ቢመጣ ማን ይገዛቸዋል? ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለምም ተነሥቷል። በሻንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የዲዝኒ መጫወቻ ስፍራ በቀጣዩ ዓመት ጎብኚዎች ምግብ ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት የሕግ ተማሪ ከ40 ዩዋን በላይ አውጥታ የገዛችውን መክሰስ በበሩ ላይ ብትከለከል ድርጅቱን በፍርድ ቤት ከሰሰች። ነገሩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ፤ ድርጅቱ 50 ዩዋን ከፈላት፤ ደንቡንም አሻሽሎ ሰዎች ለራሳቸው የሚበሉትን ይዘው እንዲገቡ ፈቀደ። በቶኪዮ አቅራቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የዲዝኒ ስፍራ ከውጭ የመጣ ምግብ ወደ ውስጥ ባያስገባም፣ ስንቅ ለያዙ ሰዎች ከበሩ ውጭ የመብያ ቦታ አዘጋጅቷል። ሁለቱም ስፍራዎች ምግብ ቤቶቻቸውን አልዘጉም። ስንቅ የያዘ ቤተሰብ ቡናውንና ለስላሳውን ከውስጥ ይገዛል፤ በማግሥቱም ደስ ብሎት ይመለሳል። ተከልክሎ የገባ ግን በረኃብ አንድ ጊዜ ይገዛና ዳግመኛ ያንን በር አይረግጥም። የእኛም ጎብኚ የየስፍራውን ደንብ ከመሄዱ በፊት በስልክ ጠይቆ ቢነሣ ከበር ላይ ጭቅጭቅ ይድናል።

የደሴና የኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ይህን ጉዳይ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው ብለው ሊተዉት አይገባም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ሰሜንና ወደ አፋር ከሚያልፈው ብዙው በኮምቦልቻ ያልፋል፤ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ የሚሄደውም ቤተሰብ ዓሣ ሊበላና ገዳሙን ሊያይ ነው። አዲስ አበባ መሄድ ላልቻለ ባለሱቅ ሐይቅ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ከቤቱ የሚያድርበት ሽርሽር ነው፤ የአልጋ ወጪ የለበትም፤ ሱቁንም ከአንድ ቀን በላይ አይዘጋም። እንግዳው ግን የዓሣውን ዋጋ ከነታክሱ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ሊያገኘው ይወዳል፤ ለስድስት ሰው የሚሆን ትሪም በአንድ ዋጋ ቢቀርብለት ይመርጣል። ምክር ቤቱ ከሐምሌ በፊት የሁለቱን ከተሞች የምግብ ቤትና የሆቴል አባሎች ሰብስቦ፣ ሙሉው ዋጋ በአንድ ቍጥር ተጠቃልሎ በበር ላይ እንዲለጠፍ ቢያስማማቸው ወረቀትና ሙጫ እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።