ድረ ገጽ ሱቅ ያልሆነበት ገበያ

ለቻይና ሸማቾች በኦንላይን ለመሸጥ የሚነሳ የውጭ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን «ሀ» ብሎ የሚጀምረው ድረ ገጽ በማሠራት ነው፤ የመጀመሪያ ገንዘቡን ውኃ የሚበላውም እዚያው ላይ ነው። የቻይና ሸማች ዕቃ ሲያምረው ጎግልን አይጠይቅም። ጎግል በ2010 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፍለጋ አገልግሎቱን ከዋናው ምድር ቻይና አውጥቷል፤ ፌስቡክና ኢንስታግራምም ዝግ ናቸው። ገዢው በስልኩ ታኦባኦ፣ ቲሞል፣ ጄዲ ወይም ፒንዱዎዱዎ ከተባሉት የገበያ መተግበሪያዎች አንዱን ከፍቶ እዚያው ይፈልጋል፣ እዚያው ዋጋ ያነጻጽራል፣ እዚያው በአሊፔይ ወይም በዊቻት ይከፍላል። ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ድረ ገጽ ላይ የባንክ ካርድ ቁጥሩን እንዲያስገባ መጠየቅ ከደጃፍ መመለስ ነው። በዚያ ላይ ቻይና ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ድረ ገጽ በኢንዱስትሪና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በኩል መመዝገብ አለበት፤ እዚያ የተቋቋመ ድርጅት ለሌለው ባዕድ ይህ ቀላል አይደለም። ውጭ አገር የተቀመጠው ደግሞ ይንቀራፈፋል፤ የጎግል ካርታ የተለጠፈበት ከሆነ ጭራሽ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል።

ይህ ልማድ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ኢቤይ በ2003 የቻይናውን ኢችኔት ጠቅልሎ ሲገዛ ገበያው በእጁ የገባ መስሎት ነበር። አሊባባ በዚያው ዓመት ታኦባኦን ከፈተና ሻጮችን ክፍያ አልጠይቅም አለ። ነጻ መሆኑ ብቻውን ግን ድሉን አላመጣለትም። ታኦባኦ ገዢና ሻጭ ከግዢው በፊት በጽሑፍ እንዲነጋገሩ፣ ዋጋ እንዲከራከሩ መንገድ ከፈተ፤ ኢቤይ ኮሚሽኑ እንዳያመልጠው ብሎ ያራራቃቸውን ሰዎች አገናኛቸው። በ2004 የመጣው አሊፔይ ደግሞ ገዢው «ዕቃው ደርሶኛል» እስኪል ድረስ ገንዘቡን በአደራ ያዘ። ሸማቹ ያመነው ሻጩን ሳይሆን አደራ ያዡን ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ኢቤይ በ2006 ማብቂያ እጁን ሰጠ። በ2004 ጆዮ የተባለውን ድርጅት ገዝቶ የገባው አማዞንም በጁላይ 2019 ለአገር ውስጥ ሻጮች ያዘጋጀውን ገበያ ዘጋ። እነዚህ ሁለቱ ያልቻሉትን አንድ አዲስ ድረ ገጽ ይችለዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እንግዲህ ባዕዱ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ቦታ እንደሚከራይ ሰው በባለቤቱ ደንብ የሚገዛ ተከራይ መሆኑን ተቀብሎ መነሳት አለበት። የሚመርጠው የሚገባበትን በር ነው፤ በሮቹም ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ድንበር ተሻጋሪ የኦንላይን ንግድ የሚባለው ነው። ቲሞል ግሎባል በ2014፣ የጄዲ አቻው በ2015 የተከፈቱት ለዚህ ነው። ሻጩ ከዋናው ምድር ውጭ የተመዘገበ ድርጅት ይኖረዋል፤ ዕቃውን ወይ በቀጥታ በፖስታ ይልካል፣ ወይ እንደ ሃንግዙ፣ ኒንግቦና ጓንግዙ ባሉ ከተሞች በሚገኝ፣ ቀረጥ ሳይከፈል ዕቃ በሚቆይበት መጋዘን ያስቀምጣል። መንግሥት ባወጣው የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ዕቃ ለግል መጠቀሚያ እንደመጣ ስለሚቆጠር በተለመደው አስመጪነት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጊዜ ምዝገባ ይቀርለታል። ገዢው በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 ዩዋን፣ በዓመት እስከ 26,000 ዩዋን ድረስ ሲገዛ የጉምሩክ ቀረጡ ዜሮ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስም የሚከፍለው የመደበኛውን 70 በመቶ ነው። 13 በመቶ ታክስ ያለበት የ200 ዩዋን ዕቃ ላይ 26 ዩዋን መክፈል ሲገባው 18 ዩዋን ከ20 ሳንቲም ይከፍላል ማለት ነው። ልዩነቱ ብዙ ባይመስልም ፒንዱዎዱዎ ላይ በአንድ ዩዋን ቅናሽ ሱቅ የሚቀይር ሰው ባለበት አገር ዋጋ አለው።

በሩ ክፍት ነው ማለት ግን በነጻ ነው ማለት አይደለም። ቲሞል ግሎባል ለዓመታት ከአንድ ሱቅ የጠየቀው ማስያዣ 25 ሺህ ዶላር ነበር፤ ዓመታዊ ክፍያና ከየሽያጩ የሚቆረጥ ኮሚሽን በላዩ ይታከላል። ቻይንኛ የማይችል ሻጭ ደግሞ ሱቁን የሚያንቀሳቅስለት ወኪል ድርጅት መቅጠሩ አይቀርም። ወኪሉም የወር ክፍያ አለው፤ ከሽያጩም ይቀንሳል። ስለማስታወቂያ እስካሁን ምንም አልተባለም።

ሁለተኛው በር እዚያው ቻይና ውስጥ ኩባንያ ማቋቋም ነው። ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ መሠረት ሙሉ በሙሉ በውጭ ዜጋ የተያዘ ኩባንያ ማቋቋም ይቻላል። ከጁላይ 2024 ወዲህ ግን በወረቀት ላይ የተጻፈ ካፒታል በ5 ዓመት ውስጥ ተከፍሎ መጠናቀቅ አለበት፤ ለክብር ሲባል ትልቅ ቁጥር ማስመዝገብ ቀርቷል። በቻይና ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እዚህ ላይ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ የተማሪ ቪዛ የንግድ ፈቃድ አይደለም። ሱቁን በቻይናዊ ጓደኛ ስም መክፈት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ጠብ የመጣ ቀን ግን ሱቁም፣ ደንበኛውም፣ ገንዘቡም የሚቀረው ስሙ ከተጻፈው ሰው ጋር ነው።

በየትኛውም በር ቢገባ ቀድሞ መሠራት ያለበት ሥራ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ነው። በቻይና ሕግ ምልክቱ በመርህ ደረጃ የሚሆነው ቀድሞ ለተጠቀመበት ሳይሆን ቀድሞ ላስመዘገበ ነው። አፕል «አይፓድ» የሚለውን ስም በቻይና ለመጠቀም በ2012 ፕሮቪው ለተባለ ኩባንያ 60 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ስሙ በቻይንኛ ፊደል ሲጻፍ የእሱ እንደሆነ የአገሪቱ ጠቅላይ የሕዝብ ፍርድ ቤት የፈረደለት ከዓመታት ክርክር በኋላ በዲሴምበር 2016 ነው። አፕልም ጆርዳንም ጠበቃ የሚቀጥሩበት ገንዘብ ነበራቸው። አንድ አነስተኛ የቡና ቆይ ግን ስሙን ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ያለው ምርጫ ስሙን መቀየር ወይም መግዛት ነው። የጆርዳን ክርክር እንደሚያሳየው ደግሞ የላቲኑ ስም ብቻ አይበቃም፤ ሸማቾች የሚጠሩበት የቻይንኛው አጻጻፍም አብሮ መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ማስተዋወቁ ይከተላል። አዲስ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚተዋወቀው በሺያዎሆንግሹና በዶውዪን ነው፤ የመጀመሪያው ሰዎች የተጠቀሙበትን ዕቃ ፎቶ አንስተው የሚመሰክሩበት፣ ሁለተኛው አጫጭር ቪዲዮና የቀጥታ ስርጭት ሽያጭ የሚካሄድበት ነው። ቃላት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2015 የተሻሻለው የማስታወቂያ ሕግ «ከሁሉ ምርጥ» ዓይነት አባባሎችን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከ200 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ዩዋን ነው። በሃንግዙ የተቆላ ፍሬ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ሱቅ በማሸጊያውና በግድግዳው ላይ ይህንን በመጻፉ 200 ሺህ ዩዋን ተቀጥቶ፣ ፍርድ ቤት በ2018 ወደ 100 ሺህ ዝቅ አድርጎለታል። ቡናው የዓለም አንደኛ ነው ማለት የለመደ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ይህን ልብ ይበል።

የቀጥታ ስርጭትን ነገር ያነሳ ሰው የኢትዮጵያ ቡናን ታሪክ መጥቀሱ አይቀርም። አሊባባ በኖቬምበር 2019 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የኤሌክትሮኒክስ ንግድ መድረክ ለማቋቋም ተስማምቶ ነበር፤ በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ከ11 ሺህ በላይ እሽግ የኢትዮጵያ ቡና በ5 ሰከንድ ተሸጦ አለቀ ተብሎ ተዘገበ። ዜናው ደስ ያሰኛል፤ ለነጋዴ ግን ያሳስታል። በዚያች ቅጽበት የሚገዛው ሰው የመጣው ለስርጭቱ አቅራቢ ሲል ነው፤ አቅራቢው ዝቅተኛ ዋጋ ይጠይቃል፣ ኮሚሽን ይወስዳል፣ በማግስቱ ሌላ ዕቃ ያቀርባል። በሜይ 2020 የሩዋንዳን ቡና በአንድ ሰከንድ የሸጠችው ታዋቂዋ የቀጥታ ስርጭት አቅራቢ ዌያ በዲሴምበር 2021 በታክስ ማጭበርበር 1.34 ቢሊዮን ዩዋን እንድትከፍል ተወስኖባት ከመድረኮቹ ሁሉ ጠፋች። በእሷ ትከሻ ብቻ ይሸጡ የነበሩ አምራቾች ገበያቸውን ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው። ሱቅ የሚያቆመው ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ የሚገዛ ሰው ነው።

ይህ ሰው የሚገኘው በመስተንግዶ ነው። የቻይና ገዢ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቃል፤ መቼ ተቆላ፣ መቼ ይደርሳል፣ ቢጎዳ ማን ይከፍላል ይላል፣ መልሱንም ወዲያው ይጠብቃል። አገር ውስጥ በተቋቋመ ሱቅ ደግሞ ከማርች 2014 ጀምሮ ከተወሰኑ የዕቃ ዓይነቶች በስተቀር በ7 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ዕቃ የመመለስ መብት አለው። ገበያው የሚደራበት ከምሽቱ 2 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ ሻጭ ሰዓቱ እንዲያውም ይመቻል፤ ዋሽንግተን ላለው ግን ገና ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው።

ለኢትዮጵያ የሚበጅ አንድ ነገር አለ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ቻይና ከእሷ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ካላቸው በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ የቀሩ ተብለው ከተመደቡ አገሮች ለሚመጡ ዕቃዎች ሁሉ ቀረጥ አንስታለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ይህ የሚጠቅመው ግን በመደበኛ መንገድ በኮንቴይነር ለሚልክ ነው፤ ያልተቆላ ቡና የሚያቀርብ ድርጅትም በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ ይጠበቅበታል። ማስያዣውን፣ ወኪሉንና የአንድ ዓመት ኪሳራን መሸከም የማይችል ሰው የቲሞልን በር ከማንኳኳት ይልቅ ምልክቱን አስመዝግቦ ለቻይና አስመጪ በጅምላ ቢሸጥ ይሻለዋል።