የመዘዞን ድንጋይ ማን ይሞርደው?

ከጣርማበር ወደ መንዝ መሐል ሜዳ የሚወጣ መንገደኛ መዘዞን ያልፋል። የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ በሰፊው የታወቀው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከዚህ አካባቢ በወጣው ቡናማ ድንጋይ ነው፤ የወሎዋ ወገል ጤና ነጩን ይዛ የመጣችው ኋላ ነው። የመዘዞው ሲደርቅ የመሰንጠቅ አመል ስላለው ቶሎ የሚያየው ሞራጅ በቅርብ ያስፈልገዋል። እኛ ግን ጥሬውን እየሸጥን ዋጋውን ለሕንዷ ጃይፑር ሞራጆች እንተዋለን። እጅ አጥተን አይደለም! አንጥረኞቻችን እኮ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውን፣ 1780 የተጻፈበትን የማርያ ቴሬዛ ብር አቅልጠው የአንገት መስቀል ያወጡ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው፦ የማዕድን ግብይት ሥርዓታችን ከሁሉ በፊት የሚያስበው የውጭ ምንዛሪን ነው፤ ባህላዊ አምራቾች ያወጡት ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ እንዲቀርብ የሚተጋውን ያህል ለአንጥረኛው አይተጋም። ይህ መለወጥ አለበት። ጥቂት ግራም ወርቅ ወይም አንድ ኪሎ ኦፓል በሕጋዊ ደረሰኝ ገዝቶ መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ፈቃዱ እዚሁ መንዝ ውስጥ ይሰጠው። የመቁረጫና የመሞረጃ ማሽን ከቀረጥ ነፃ ይግባ፤ የወርቁና የብሩ ጥራት ተመርምሮ ማኅተም ይደረግበት። ድንጋዩን ቆፍሮ ያወጣው ልጅ ቀለበት ሆኖ ሲያበራ በገዛ ከተማው ይየው።