«ፎርማት አድርገው» ጥገና አይደለም!

ጥር ሲገባ ከጎንደር እስከ ፀዳ ሰርግ በሰርግ ነው፤ የቪዲዮ ኤዲተሩም ሬንደር ሲጠብቅ ያድራል። 80 በመቶ ላይ ፕሮግራሙ በራሱ ይዘጋል። ወዲያው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው» ይባላል። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠፋው ያልተገለበጠው የሰርግ ቀረጻ ነው። ሙሽሮቹ ድጋሚ ይዳሩ?

እስኪ ምልክቱን እንይ። ፍላሽ ላይ ሲወጣ ሁሌ 4 ጊጋባይት አካባቢ ከቆመ ጥፋተኛው ፋት32 ነው፤ ከዚያ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ (ኮምፒውተሩ አላልንም!) ወደ ኤክስፋት ይቀየር። ሁሌ አንድ ደቂቃ ላይ ከቆመ እዚያ ያለውን ክሊፕ ወይም ኢፌክት መመርመር ነው። ቦታው ከተለዋወጠ ግን ሙቀት፣ ራም፣ የግራፊክስ ድራይቨር ይጠርጠር። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አስቀምጦ ሶፍትዌር መርገም ምን ይሉታል?

መብራት ሲጠፋስ? ኤምፒ4 ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ የተቆረጠው ፋይል አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን በአብዛኛው እስከደረሰበት ይታያል። በኤምኬቪ አውጥቶ፣ ሲያልቅ በኤፍኤፍኤምፔግ ወደ ኤምፒ4 ማዛወር ይቻላል፤ እንደገና ሬንደር አያስፈልገውም፣ ነፃም ነው።

«ክራክ» ጭኖ አፕዴት የዘጋ ሰውማ አምራቹ ያስተካከለው ስህተት እንዴት ይድረሰው? ቀብድ የተቀበለ ባለሙያ ቢያንስ ጥሬውን ቀረጻ ሁለት ቦታ ያስቀምጥ፤ ደንበኛም ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት ይህን ይጠይቅ።