የተሸመጠጠ ቅጠል በማን ውሃ ይመለሳል?

ክረምት በገባ ቁጥር በየኰረብታው ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ እንሰማለን። አረንጓዴ ዐሻራ የተባለው ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ ቁጥሩ ከሚሊዮን አልፎ ቢሊዮን ገብቷል። መትከሉ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የቆመው ዛፍ በዓመት ስንት ጊዜ ቅጠሉ እንደሚገፈፍ፣ የተገፈፈውስ በምን ኃይል ተመልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ቈጥሮ የነገረን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጥያቄው ከማንም ይልቅ እኛን ተማሪዎችን የሚመለከት ነው፤ ምክንያቱን ቆይቼ እደርስበታለሁ።

ነገሩን ከሩቅ እንጀምረው። ጃፓኖች ቦንሳይ በሚሉት ጥበብ ትልቅ ሊሆን የሚችለውን ዛፍ በሸክላ ዕቃ ተክለው፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየከረከሙ በክንድ ቁመት ያኖሩታል። አንዳንዱን ዛፍ በሰኔ ገደማ ቅጠሉን ይለቅሙበታል፤ ዳግመኛ ሲያቀጥል ቅጠሉ አነስ ብሎ ይወጣል። ቢች የሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ግን በዚህ ረገድ ቁጥብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ብቻ ያቀጥላል። ስለዚህ አዋቂው የለጋውን ጫፍ ይቀነጥብለታል፣ ከቅጠሉም ከፊሉን ብቻ ያነሣለታል እንጂ አራቁቶ አይተወውም። ደካማውን ዛፍ ጨርሶ አይነካውም። ቅጠል የዛፉ ወጥ ቤት ነውና፣ ወጥ ቤቱ ሲፈርስበት አዲሱን የሚሠራው በሥሩና በግንዱ ያከማቸውን ስንቅ እየበላ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ከሚገኘው ከእስጢፋኖስ ገዳም ሐይቅ ከፍ ባለ ስፍራ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ አርዲቦ ሐይቅ አለ። በዙሪያው ጫት ይለማል። የአርዲቦን ገበሬ «ቦንሳይ አታውቅም» ብሎ የሚንቅ ቢኖር ተሳስቷል። ጫት እንዳሻው ቢተውት ከ10 ሜትር በላይ ሊመዘዝ የሚችል ዛፍ ነው፤ ገበሬው ግን ጫፉን እየቀነጠበ እጅ የሚደርስበት ቍጥቋጦ አድርጎ ያኖረዋል። ጫፉ ሲቈረጥ በጎን ተኝተው የነበሩት ጉጦች ይነቃሉ፤ የአንዱን ቀንበጥ ቦታ ሁለትና ሦስት ይወርሱታል። ይህን ከአባቱ ተምሮታል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቦንሳይ ጠባቂው ዛፉ እስኪያገግም ይታገሣል፤ የጫት ገበያ ግን አይታገሥም። የሚፈለገው ለጋው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ የተለየው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር በለጋው ቅጠል ይበዛል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ገዢው የዛሬውን እንጂ የትናንቱን አይሻም። በበጋ ለጋ እንዲወጣ ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ሞተርም ይሰበዋል። ሽምጠጣው ከዛፉ የተወሰደ ብድር ቢሆን ከፋዩ ሐይቁ ነው።

«ሐይቅ ያልቃል እንዴ?» የሚል ወንድም ወደ ሐረርጌ ይመልከት። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከዚያ ይሳብ ነበር፣ ደለል ይገባበት ነበር፣ ለአትክልትና ለጫት መስኖም ሞተሩ ብዙ ነበር። በኋላ ውሃ ተመልሶበታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሐይቁ የደረቀው በአንጋፋው የግብርና ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መሆኑ ነው። መምህርና ተማሪ በመስኮት እያየው ደረቀ!

ስለ አርዲቦ ገበሬውን የምንወቅስበት አፍ የለንም። የፈተና ሰሞን ከመኝታ ቤታችን ኋላ የሚጠረገውን ገራባ ያየ ሰው ለጋውን ማን እንደሚፈልገው አይጠፋውም። ገበሬው ከማሽላ የተሻለ ገንዘብ የሚያመጣለትን ቢተክል ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ነው፤ ከመካከላችንም በጫት ብር ደብተር የተገዛለት አይታጣም። «ጫት ይነቀል» ብሎ በስብሰባ መናገር ቀላል ነው፤ ተናጋሪው ማታ በርጫ ላይ ይገኛል። (ራሱን ያወቀ ይሳቅ።)

እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች ከአንድ ፈቃደኛ ገበሬ ጋር ተስማምተው ሁለት ረድፍ ጫት ይያዙ። አንዱ እንደ ልማዱ ይሸምጠጥ፤ ሁለተኛው ከፊል ቅጠሉ እየቀረለትና በየመካከሉ እያረፈ ይቀንጠብ። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ቅጠሉ ስንት ብር እንዳወጣ ዓመት ሙሉ ይመዝገብ። ያረፈው ረድፍ ባነሰ ውሃ ተመጣጣኝ ገቢ ካመጣ ለገበሬው የምንነግረው ነገር አገኘን ማለት ነው። ካላመጣም የሐይቁን ዋጋ ገበሬው ብቻውን እንዲሸከም መምከር እንደማይገባን እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ከሞተርና ከውሃ ፈቃድ ሰጪዎች ጋር ይሆናል። በሐይቁ ዳር ምልክት የተቀረጸበት እንጨት ተክሎ በየወሩ ማንበብም ከአንድ ቀን በርጫ የበለጠ ወጪ የለውም። ማኅበራችን የመኪናውን ኪራይ ከቻለ፣ በበኩሌ ስሜን ነገ አስመዘግባለሁ።