ለነጋዴው "እርስዎ"፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ "አንቺ"



ንፋስ መውጫ ላይ ጠዋት ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ በሩ አጠገብ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ነጋዴው ልጁን ከባጃጅ ሲያወርድ መምህሯ ወጥታ ትቀበለዋለች። "እርስዎ" እያለች ልጁ ምን እንደተማረ፣ ምን እንደከበደው ትነግረዋለች። ጉልት የምትቸረችረው እናት ግን የልጇን እጅ ይዛ መጥታ "ልጄ እንዴት ነው?" ለማለት እንኳ ታፍራለች። ብትጠይቅም "አንቺ፣ ደብተር ግዥለት" ተብላ ትመለሳለች። እሷ የምትጠራው ልጇ ሲያጠፋ ወይም መዋጮ ሲፈለግ ብቻ ነው።

ስብሰባ ስትቀር ደግሞ "ድሃ ወላጅ ለትምህርት ግድ የለውም" ይባላል። ይህ ሐሰት ነው! ላይ ጋይንት ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የኖረበት ወረዳ ነው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገብቶ ስንቱን ቤት አራቁቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ግድ የላትም?

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና እና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ዜሮ ክፍል የጠቀመው ለግል መዋዕለ ሕፃናት መክፈል የማይችለውን ቤተሰብ ነው። ልጁን አስገብተን እናቱን በር ላይ ካሳፈርናት ግን ሥራው ግማሽ ነው። ቤት ውስጥ የሚያሳድገው እሷ ናት።

መምህራኑን ብቻ አንወቅስም። ደመወዛቸው ትንሽ፣ ክፍላቸው የተጨናነቀ ነው፤ ገንዘብ ያለው ወላጅም እንደ ሞግዚት ያዛቸዋል። ይህም ነውር ነው። ነገር ግን ከላይ የተናቀ ሰው ከታች ያለውን እንዲንቅ ፈቃድ አይሰጠውም።

እኛስ? በመድረሳችን የሀብታሙ ልጅ በስሙ፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ "አንተ ልጅ" ተብሎ ሲጠራ ዝም ብለን የለም ወይ? ሱረቱ ዐበሰ ለምን እንደወረደች እናውቃለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ሹማምንትን እያናገሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ዓብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ሊማር መጣ፤ ፊታቸውን ስላዞሩበት ከአላህ ተግሣጽ መጣ። ለረሱል እንዲህ ከመጣ እኛ ማን ነን?

ስለዚህ የከተማ ወጣቶች፦ እናታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ትምህርት ቤት ስትጠራ አብራችሁ ሂዱ። በእሷ ቦታ አትናገሩ፤ እንድትናገር ከጎኗ ቁሙ። የወላጅ መምህር ኅብረት ሲመረጥ ጉልት ቸርቻሪዋና የቀን ሠራተኛውም እንዲገቡ ቀስቅሱ። ስብሰባው በገበያ ቀን እንዳይጠራ ጠይቁ። መምህር የሆናችሁ ደግሞ ለሁሉም ወላጅ "እርስዎ" በሉ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም።

አላህ ከደካማው ጎን የምንቆም ያድርገን። አሚን።